ፓሪስ አይላንድ ኮስ የሰላጣ ዘር፦ ምን ይመግባል፣ መቼ ይዘራል፣ ለማን አይሆንም

ፓሪስ አይላንድ ኮስ ቅጠሉ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ የሚያድግ የሮሜይን ሰላጣ ዝርያ ነው። ፓኬቱ ላይ ኮስ ተባለ ሮሜይን ያው ነው። ሲደርስ ከ25 እስከ 30 ሳንቲሜትር ይቆማል፤ ውጩ ጠቆር ያለ አረንጓዴ፣ ልቡ ደግሞ ወደ ነጭ ያደላ ነው። ዲቃላ ስላልሆነ ብዙ ዘር አባዢዎች ይሸጡታል፤ ስለዚህ እዚህ የምንመዝነው አንድን ድርጅት ሳይሆን ዝርያውን ራሱን ነው። ፍርዳችንን እናስቀድም፦ ቀዝቀዝ ባለ ወቅት ለሚዘራና ከሰላጣ ላይ ቁም ነገር ያለው ምግብ ለሚፈልግ ሰው ይህን ዘር ያለ ማመንታት እንመክራለን። በሙቀት ወቅት ሊዘራ ላሰበ ግን ገንዘቡን ቢያተርፍ ይሻለዋል።

ከምግብነቱ እንጀምር፤ ብዙ ሰው ሰላጣን ውሃ ብቻ ነው ብሎ ይንቀዋልና። ውሃ መሆኑ እውነት ነው፤ ከ100 ግራም ጥሬ ሮሜይን ውስጥ ወደ 95 ግራም የሚጠጋው ውሃ ሲሆን ጉልበቱም 17 ካሎሪ ብቻ ነው። ተከትፎ ሁለት ኩባያ ያህል ይሞላል። በቀረችው ጥቂት ግራም ውስጥ ግን 436 ማይክሮግራም ቫይታሚን ኤ፣ 102 ማይክሮግራም ቫይታሚን ኬ፣ 136 ማይክሮግራም ፎሌት የተባለው የቢ ቫይታሚን፣ 247 ሚሊግራም ፖታሲየምና 2 ግራም አሰር አለ። የአሜሪካ የምግብ መለያ ለአዋቂ ሰው በቀን 900 ማይክሮግራም ቫይታሚን ኤ፣ 120 ማይክሮግራም ቫይታሚን ኬ እና 400 ማይክሮግራም ፎሌት ይመድባል። በዚህ ልክ ሁለት ኩባያ ሮሜይን የቀኑን ቫይታሚን ኤ ግማሽ ያህል፣ የፎሌቱን ሲሶ፣ የቫይታሚን ኬውን ደግሞ አብዛኛውን ይሸፍናል ማለት ነው።

ከሌሎቹ የሰላጣ ዓይነቶች ጎን ሲቆም ልዩነቱ ይበልጥ ይጎላል። እንደ ጎመን ተጠቅልሎ የሚያድገው አይስበርግ በ100 ግራም 25 ማይክሮግራም ቫይታሚን ኤ፣ 24 ማይክሮግራም ቫይታሚን ኬ እና 29 ማይክሮግራም ፎሌት ብቻ ይይዛል። ለስላሳው በተርሄድ በቫይታሚን ኬ ሮሜይንን ይስተካከላል፤ በቫይታሚን ኤ ግን 166፣ በፎሌት 73 ላይ ይቀራል። ልብ ሳይቋጥር ተዘርግቶ የሚያድገው አረንጓዴ ቅጠል ሰላጣ ከሁሉም የተሻለ ተፎካካሪ ነው፤ ቫይታሚን ኤው 370፣ ቫይታሚን ኬው 126 ሲሆን በቫይታሚን ሲም ይበልጣል። ፎሌቱ ግን 38 ነው። በፎሌት ሮሜይንን የሚጠጋ የሰላጣ ዓይነት ከነዚህ ውስጥ የለም፤ ለእርጉዝ ሴት ወይም ለማርገዝ ላሰበች ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው። ሐኪም ያዘዘላትን የፎሊክ አሲድ ክኒን ግን አይተካም።

የልዩነቱ ምክንያት ብርሃን ነው። ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ካሮቲንም ሆነ ቫይታሚን ኬ የሚገኙት አረንጓዴው ቀለም ባለበት የቅጠሉ ክፍል ነው። አይስበርግ ቅጠሉን አጥብቆ ስለሚጠቀልል ውስጠኛው ክፍል ፀሐይ ሳያይ ነጥቶ ያድጋል። ሮሜይን ግን ከላይ ክፍት ስለሆነ፣ ልቡ ነጣ ቢልም፣ ብርሃን የሚያየው ቅጠል ይበዛል። እዚህ ላይ ገዢው የሚሳሳትበት ነገር አለ፤ ውጪኛው ቅጠል ጠንከር ስለሚል ተገንጥሎ ይጣልና ነጣ ያለው ልብ ብቻ ይበላል። በምግብነት ዋናው የተጣለው ነው። ውጪኛውን ቅጠል በቀጭኑ ከትፎ ከልቡ ጋር ማደባለቅ ነው እንጂ መጣል አያስፈልግም፤ የተበላሸውን ጫፍ ብቻ ማንሳት ይበቃል።

የሌለውንም መናገር ተገቢ ነው። ቫይታሚን ሲው 4 ሚሊግራም፣ ብረቱ 1 ሚሊግራም ገደማ ስለሆነ ለእነዚህ ተብሎ አይበላም። ቫይታሚን ኤው የሚገኘው ከካሮቲን ነው፤ ካሮቲን ደግሞ ያለ ቅባት በደንብ ወደ ሰውነት አይገባም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ አቮካዶ ወይም እንቁላል አብሮ ካልቀረበ ከላይ የጠቀስነው ቁጥር በወረቀት ላይ ይቀራል። ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ሮሜይንን መተው የለበትም፤ ግን አንድ ሳምንት በብዛት በልቶ በሌላው ሳምንት ጭራሽ ማቆም የመድኃኒቱን መጠን ያዛባል። መጠኑን ሳይለዋውጥ መብላትና ለሐኪሙ መንገር አለበት።

አሁን ወደ ፓኬቱ። አንድ ግራም የሰላጣ ዘር ከ800 እስከ 1,000 ፍሬ ይይዛል፤ ስለዚህ ለአንድ ቤተሰብ ከአንድ ግራም በላይ መግዛት ብክነት ነው። ሲገዙ በመጀመሪያ የሚታየው የብቅለት መቶኛውና የተፈተነበት ቀን ነው። በአሜሪካ ሕግ ለሰላጣ ዘር የተቀመጠው ዝቅተኛ የብቅለት መጠን 80 በመቶ ነው፤ ጥሩ ዘር ከዚህ በላይ ይሄዳል። ጥርጣሬ ካለ 20 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ላይ አድርጎ 20 ዲግሪ ገደማ በሆነ ክፍል ማስቀመጥ ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ 16 ካልበቀለ ዘሩ አርጅቷል። ሁለተኛው ጉዳይ የሰላጣ ሞዛይክ ቫይረስ ነው። ቫይረሱ በዘር ውስጥ ይተላለፋል፤ ከዚያ ክሽክሽ፣ ማለትም የተክል ጭማቂ የሚመጠው ጥቃቅን ነፍሳት፣ ከተክል ወደ ተክል ያዛምተዋል። ፓሪስ አይላንድ ቫይረሱን በመጠኑ ይቋቋማል፤ ሆኖም ጥንቁቅ አባዢ ከ30,000 ፍሬ ውስጥ አንድም የታመመ እንዳልተገኘ መርምሮ ነው የሚሸጠው። ይህ ምርመራ በፓኬቱ ወይም በአቅራቢው መግለጫ ላይ ከተጻፈ ትንሽ ተጨማሪ ዋጋ ቢጠየቅበትም ያዋጣል።

በሸክላ መሰል ነገር ተለብጦ እንደ ትንሽ ኳስ የሚሸጥ ዘርም አለ። ለመዝራት ይመቻል፤ አንድ በአንድ በትሪ ላይ ይቀመጣል፣ ማሳሳትም አይጠይቅም። ብዙ ጊዜ ቀድሞ እርጥበት ተሰጥቶት መልሶ የደረቀ ስለሆነ በሙቀትም የተሻለ ይበቅላል። ጉድለቱ ዕድሜው ማጠሩ ነው፤ በገዙበት ዓመት ካልተዘራ ኃይሉን ያጣል። ያልተለበጠው ዘር ግን በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይቆያል። ለጓሮ ያልተለበጠውን እንመርጣለን።

ፓኬቶች በብዛት የሚሳሳቱት በጥልቀት ላይ ነው። የሰላጣ ዘር ብዙዎቹ ዝርያዎች ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋሉ። ይህ የታወቀ ነገር ነው፤ በ1952 በአሜሪካ ቤልትስቪል የነበሩ ተመራማሪዎች ግራንድ ራፒድስ የተባለውን የሰላጣ ዘር በቀይ ብርሃን እያስበቀሉ፣ ከቀይ ባሻገር ባለው ብርሃን ደግሞ መልሰው እያስተኙት ዛሬ ፋይቶክሮም የምንለውን የዕፅዋት ብርሃን መቀበያ መኖር አሳይተዋል። ለዘሪው ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ዘሩ ከ3 እስከ 6 ሚሊሜትር በላይ አይቀበር። በላዩ የተነፋ ኮምፖስት ወይም ቨርሚኩላይት የተባለውን ቀላል ማዕድን በስሱ ነስንሶ በእጅ መዳፍ ጫን ማድረግ ይበቃል። አንድ ሳንቲሜትር ተኩል ቅበሩ የሚል ፓኬት ካጋጠመ መመሪያውን አይከተሉት። ውሃውም በጭጋግ መልክ ይረጭ፤ ከባድ ጠብታ ዘሩን ወይ ይቀብረዋል ወይ ያጥበዋል።

ወቅቱን የሚወስነው ከቀን መቁጠሪያው ይልቅ የአፈሩ ሙቀት ነው። በ5 ዲግሪ ሴልሺየስ ዘሩ ለመብቀል 15 ቀን ያህል ይፈጅበታል፤ በ10 ዲግሪ 7 ቀን፣ በ15 ዲግሪ 4፣ በ20 ዲግሪ 3 ቀን ይበቃዋል። ከ25 ካለፈ በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋ ብዙው ዘር ይተኛል፤ አይሞትም፣ ነገር ግን አይነሳም። ሰው ዘሩ ተበላሽቶ ነው ብሎ ሌላ ፓኬት ይገዛል፤ ያንንም በዚያው ትኩስ አፈር ላይ ይዘራውና ያው ይሆናል። ወሳኙ ዘሩ ውሃ መጠጣት የጀመረበት የመጀመሪያው ቀን ነው። ስለዚህ በሞቃት ሳምንት የግድ መዝራት ካለ ሁለት መንገድ አለ፤ አንዱ አመሻሽ ላይ ዘርቶ በቀዝቃዛ ውሃ ማርጠብና ትሪውን ጥላ ውስጥ ማሳደር ነው። ሌላው ዘሩን በእርጥብ ወረቀት ጠቅልሎ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን አቆይቶ፣ ነጭ ሥር ብቅ ሲል በጥንቃቄ መትከል ነው።

ከበቀለ በኋላ የሚወደው ሙቀት ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ነው። ቀኑ 24 ቢደርስም ሌሊቱ ቀዝቀዝ ካለ ችግር የለውም። የሚያበላሸው ሙቀትና ረጅም ቀን ሲገናኙ ነው፤ ያኔ ተክሉ ቅጠል ማብዛቱን ትቶ ከመሃሉ አገዳ ያወጣል፣ ወደ አበባ ይሄዳል። ፓሪስ አይላንድ በዚህ ረገድ ከብዙ የሮሜይን ዝርያዎች ታጋሽ ነው የሚባለው እውነት ነው፤ ግን መታገሱ በቀናት የሚቆጠር ነው እንጂ በጋን አያሻግርም። ልቡ ከላይ ሾጠጥ ሲል፣ አዲሱ ቅጠል ሲጠብና ሲቆረጥ የሚወጣው ወተት መሰል ፈሳሽ ሲበዛ ምልክቱ ነው። ምሬቱ ከዚያ ወተት ጋር ይመጣል። አገዳውን ቆርጦ መጠበቅ ምንም አይፈይድም፤ የሚበላውን በዚያው ቀን ማንሳት ነው።

ስለዚህ የመዝሪያ ጊዜ የሚሰላው ወደ ኋላ በመቁጠር ነው። በቀጥታ መደብ ላይ የተዘራ ፓሪስ አይላንድ ሙሉ ልብ ለመቋጠር ከ68 እስከ 75 ቀን ይፈልጋል፤ ችግኙ በትሪ ፈልቶ ከተዛወረ በኋላ 50 ቀን ገደማ ይበቃዋል። በአካባቢው የቀን ሙቀት ከ25 በላይ መዝለቅ የሚጀምርበት ሳምንት ሲታወቅ፣ ከዚያ 75 ቀን ወደ ኋላ ተቆጥሮ የመጨረሻው የመዝሪያ ቀን ይገኛል። ከምድር ወገብ በራቁ አገሮች ሁለት ወቅት ይገኛል፤ አንዱ በፀደይ መጀመሪያ፣ ሌላው የበጋው ሙቀት ሲበርድ እስከ መኸር። የመኸሩን እናስቀድማለን፤ ቀኑ እያጠረና እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ አገዳ የማውጣት ስጋት የለም ማለት ይቻላል። ብርሃኑ ስለሚቀንስ ግን በስሌቱ ላይ ሁለት ሳምንት መጨመር አለበት፤ የቀኑ ርዝመት ከ10 ሰዓት በታች ሲወርድ እድገቱ ሊቆም ምንም አይቀረው። በምድር ወገብ አካባቢ ባሉ ደጋማ ቦታዎች የቀኑ ርዝመት ብዙም ስለማይለዋወጥ ሙቀቱ ከተስማማ ዓመቱን ሙሉ ይበቅላል። ቀላል ውርጭ የጠነከረ ችግኝን አይገድለውም፤ ልብ የቋጠረውን ግን ቅጠሉን አቁስሎ ለብስባሽ ይዳርገዋል።

አንድ ነገር ደጋግመን እንላለን፦ ፓኬቱን በአንድ ቀን አትጨርሱት። ሁሉም በአንድ ሳምንት ደርሶ ግማሹ አገዳ ያወጣል። በየ10 እስከ 14 ቀኑ 10 ወይም 15 ፍሬ መዝራት ለቤተሰብ ይበቃል።

ችግኙ አራት አምስት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ፣ ማለትም በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት ይዛወራል። በተክሎች መካከል ከ25 እስከ 30፣ በመስመሮች መካከል ከ30 እስከ 45 ሳንቲሜትር ይተው። እዚህ ላይ መሰሰት አያዋጣም፤ 15 ሳንቲሜትር ላይ የተተከለ ሮሜይን ልብ አይቋጥርም፣ አየር ስለማያገኝም ከታች ይበሰብሳል። የችግኙ አንገት በአፈር እንዳይሸፈን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አፈሩ ፒኤችው (የአሲድነት ልኩ) ከ6.0 እስከ 6.8 የሆነ፣ ከላይ ከ3 እስከ 5 ሳንቲሜትር የበሰለ ኮምፖስት የተቀላቀለበት ቢሆን ይመረጣል። ሥሩ በአብዛኛው ከላይኛው 30 ሳንቲሜትር ስለማይወርድ በሳምንት በካሬ ሜትር ከ25 እስከ 35 ሊትር ውሃ ተከፋፍሎ ይሰጠው፤ ጉዝጓዝም ይረዳዋል። የእድገቱ አብዛኛው ክፍል የሚሆነው ከመቆረጡ በፊት ባሉት የመጨረሻ ሦስት አራት ሳምንታት ስለሆነ ውሃው በጣም የሚያስፈልገው ያኔ ነው።

በመጨረሻው ሳምንት የሚመጣው ትልቁ ችግር የውስጥ ቅጠል ጫፍ መቃጠል ነው። ከውጭ ሲታይ ያማረ ሰላጣ ሲከፈት ልቡ ውስጥ ቡናማ ጠርዝ ይገኝበታል፤ ሲቆይም ይበሰብሳል። ብዙዎች በሽታ ነው ብለው መድኃኒት ይረጫሉ። ምክንያቱ ግን ካልሲየም ወደዚያ ቅጠል አለመድረሱ ነው። ካልሲየም የሚጓዘው ቅጠል በሚያተነው ውሃ ተስቦ ነው፤ የተጠቀለለው ልብ ደግሞ ብዙ አያተንም። አፈሩ በካልሲየም ቢሞላም ሙቀትና ናይትሮጅን እድገቱን ሲያፋጥኑት ልቡ ይጎድልበታል። በቅጠል ላይ የሚረጭ ካልሲየምም የተዘጋው ልብ ውስጥ ስለማይገባ ብዙ አይጠቅምም። የሚጠቅመው ውሃውን ሳያቋርጡ እኩል መስጠት፣ ልብ መቋጠር ከጀመረ በኋላ ናይትሮጅን አለመጨመርና ሞቃት ሳምንት ሲመጣ ጥቂት ቀን ቀድሞ መቁረጥ ነው። ፓሪስ አይላንድ ይህን ችግር ከብዙዎቹ በተሻለ ይቋቋማል፤ ከመረጥንባቸው ምክንያቶች አንዱም ይህ ነው።

ደካማ ጎኑ በቅጠል ሻጋታ በኩል ነው። ብሬሚያ የተባለው ሻጋታ በቅዝቃዜና በእርጥበት ጊዜ ከላይ ቢጫ ነጥብ፣ ከታች ነጭ ዱቄት መሰል ነገር ያወጣል፤ የሻጋታውን አዳዲስ ዓይነቶች የሚቋቋሙ ዘመናዊ የሰላጣ ዝርያዎች አሉ፣ ይህ ግን የድሮ ዝርያ ስለሆነ ያ መከላከያ የለውም። ጭጋግ የሚበዛበት ቦታ ያለ ሰው ውሃውን ጠዋት ከሥር ያጠጣ፣ ርቀቱን 30 ሳንቲሜትር ያድርገው፤ በየዓመቱ የሚመለስበት ከሆነ ደግሞ ሌላ ዝርያ ይፈልግ። ክሽክሽ ልቡ ውስጥ ከገባ በኋላ ማውጣት ስለሚከብድ ቀጭን መረብ ከተከላ ቀን ጀምሮ መሸፈን ይሻላል። ቆራጭ ትል ችግኙን ሌሊት ከአንገቱ ስለሚቆርጥ በየችግኙ ዙሪያ 5 ሳንቲሜትር ቁመት ያለው የካርቶን ቀለበት ማድረግ በቂ ነው።

ጥሬ ፍግ በሰላጣ መደብ ላይ ፈጽሞ አይግባ። የአሜሪካ የኦርጋኒክ ሕግ አፈር በሚነካ ምርት ላይ ጥሬ ፍግ ከተጨመረ እስከ መከሩ 120 ቀን እንዲያልፍ ያዛል። ሮሜይን በ70 ቀን የሚደርስ ስለሆነ ፍጉ ሊገባ የሚችለው ከእሱ በፊት ለነበረው ሰብል ብቻ ነው። ጥንቃቄው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በ2018 በአሜሪካ ከአሪዞና ግዛት ዩማ አካባቢ በመጣ ሮሜይን የተነሳ ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ 210 ሰዎችን አሳምሞ 5 ገድሏል፤ ባክቴሪያውም በአካባቢው የመስኖ ቦይ ውሃ ውስጥ ተገኝቷል። ጥሬ የሚበላ ቅጠል ነውና ንጹህ ውሃ ከሌለ አለመዝራት ይሻላል። ማጠብ ጀርሙን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም።

ሲቆረጥ ጠዋት ቅጠሉ ውሃ በሞላበት ሰዓት፣ ልቡ ሲጨበጥ ጠንከር ብሎ በመጠኑ እሺ ሲል ይቆረጥ። በ0 ዲግሪ እርጥበቱ ተጠብቆ 3 ሳምንት፣ በ5 ዲግሪ ፍሪጅ ደግሞ 2 ሳምንት ገደማ ይቆያል። ሳይታጠብ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ በላስቲክ ይቀመጥ፤ ከፖምና ከሙዝ ግን ይራቅ። ከእነሱ የሚወጣው ኤቲሊን ጋዝ በቅጠሉ መሃል ባለው ወፍራም አከርካሪ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ያመጣል። ሙሉ ልብ መጠበቅ የማይፈልግ ሰው ጥቅጥቅ አድርጎ ዘርቶ ከ25 እስከ 30 ባለው ቀን፣ ከመሬት 3 ሳንቲሜትር ከፍ አድርጎ ለጋ ቅጠሉን ሊቆርጥ ይችላል፤ አንዴ ሁለቴ ያቆጠቁጣል።

ቦታ የጠበበው ሊትል ጀምን ይመልከት፤ ቁመቱ ከዚህ ግማሽ ያህል ነው፣ 15 ሳንቲሜትር ርቀት ይበቃዋል። ሙቀት የሚበረታበት ጄሪኮን ይሞክር፤ ለሞቃት አገር የተመረጠ ሮሜይን ነው። ለብርድ ዊንተር ዴንሲቲ ይሻላል። ፓሪስ አይላንድ ዲቃላ ስላልሆነ ሌላም ጥቅም አለው፤ ዘሩን እቤት ማስቀረት ይቻላል። የሰላጣ አበባ ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ከሌላ የሰላጣ ዝርያ ከ4 እስከ 6 ሜትር መራቅ ይበቃል። ለዘር የሚተወው መጀመሪያ አገዳ ያወጣው ሳይሆን ከሁሉም ዘግይቶ ያወጣው ይሁን፤ የሞዛይክ ምልክት፣ ማለትም የተዥጎረጎረና የተጨማደደ ቅጠል ያለበት ተክል ደግሞ ወዲያው ይነቀል። አበባው ካበበ ሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ነጭ ፀጉር መሰል ነገር ሲያወጣ የአበባውን ራስ በወረቀት ከረጢት ውስጥ አራግፎ፣ አበጥሮ፣ አድርቆ ክዳኑ በሚገጥም ብልቃጥ ማስቀመጥ ነው። ከአንድ ጤነኛ ተክል የሚገኘው ዘር ከገዙት ፓኬት ይበልጣል።